ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስና የእጅ ሥራ



ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳችን የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ፣ እኔ ሰው ፍለጋ ርቄ አልሄድሁም። ከመተማችን ጋር የሚዋሰነው የቋራ ቆላ ያፈራቸውን ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስን መረጥሁ። ስለ ጦርነታቸውና በመቅደላ ስለ መሞታቸው ያልሰማ ልጅ በመካከላችን አይገኝም። እኔ የምተርከው በእጅ ስላሠሩትና ራሳቸውም በገዛ እጃቸው ስለ ጀመሩት ሥራ ነው። ይህንንም የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ፤ እርሱን በመጨረሻው ላይ እገልጻለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነት በቋራ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ መኳንንት ወገን ነበሩ፤ እናቱም ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባሉ ነበር። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞቱበት እናቱ ይዘውት ወደ ጎንደር ሄዱ፤ በዚያም በችግር አሳደጉት። በኋላ ጊዜ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሊያዋርዱት ሞክረዋል። ይህ ስድብ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን ሰው በእጁ ሠርቶ በገበያ ሸጦ ማደሩ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር።

ካሣ ፊደልንና ዳዊትን የተማረው በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። ገዳሙ በደጃዝማች ማሩ ወታደሮች በተመዘበረ ጊዜ ከሞት አምልጦ ወደ ትውልድ አገሩ እንደ ተመለሰ ይተረካል። ከዚያ በኋላ የቋራ ገዥ በነበሩት በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ። ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣውን የግብጽ ጦር በጠረፉ ያሸነፉ ስመ ጥር የጦር አለቃ ነበሩ።

ደጃዝማች ክንፉ ካረፉ በኋላ ካሣ የሚገባኝን ርስትና ሹመት ተከለከልሁ ብሎ በቋራ በረሃ ሸፈተ። በዚያ ዘመን ሽፍታ ሁሉ የድኻውን እህል ይበላ ነበር። ካሣ ግን በምርኮ ያገኘውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬ አካፍሎ መቈፈሪያ እንዲገዛበት እንዳዘዘ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ገና ጦር እንጂ ዘውድ ሳይኖረው፣ ለሰው መሣሪያ መስጠት እንጀራ ከመስጠት እንደሚበልጥ የተረዳ ይመስለኛል።

የደባርቂ ትምህርት

በ1840 ዓ.ም. ካሣ ጭፍሮቹን አስከትሎ በግብጽ ገዥዎች ሥር ወደ ነበረችው ወደ ሱዳን ወረደ። ደባርቂ በተባለው ስፍራ የግብጽ ወታደሮች ምሽግ ሠርተው፣ መድፍ ጠምደው ጠበቁት። የካሣ ሰዎች እንደ ልማዳቸው በድፍረት ሮጠው ገቡ፤ ነገር ግን ከምሽጉ ሳይደርሱ በመድፍና በተኩስ ተረፈረፉ።

ከዚህ ሽንፈት ካሣ ሁለት ነገር ተማረ። አንደኛው፣ የሠለጠነና በሥርዓት የሚታዘዝ ጥቂት ወታደር ብዙውን ያሸንፋል። ሁለተኛው፣ ድፍረት ብቻውን ከመድፍ ፊት አይቆምም፤ መድፍ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር ነው። ይህ አሳብ እስኪሞት ድረስ ከልቡ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አደረገ። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ አሸነፈ። በየካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የዘመነ መሳፍንትም ታሪክ በዚህ ተዘጋ።

ጋፋት

ንጉሡ ከነገሡ በኋላ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ ወጣት ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እነዚህ ሰዎች ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የእጅ ሙያም የተማሩ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ዋልድማየር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለንና ሳልሙለር ይገኙባቸዋል። የፈረንሳይ አገር ተወላጅ የሆነው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎና የፖላንድ ተወላጅ የሆነው ሞሪትዝ ሆልም ከእነርሱ ጋር ሆኑ። ንጉሡ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አሰፈሯቸው። በ1850ዎቹ ዓመታት ጋፋት የብረታ ብረት ሥራ መንደር ሆነች።

ያን ጊዜ በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ ሁሉ ይናቅ ነበር። በጎንደር አገር ብረትና ሸክላ በመሥራት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ቡዳ እየተባሉ ይፈሩና ይጠሉ ነበር። ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻ አያገኝም፤ ወታደሩም ያለ እነርሱ ጦር አይኖረውም፤ ሁለቱም ግን ከእነርሱ ጋር ማዕድ አይቀርቡም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን የእጅ ሠራተኞችን ወደ ዙፋናቸው አቀረቡ፤ አከበሯቸው፤ ሸለሟቸው። የኢትዮጵያ ወጣቶችም ከእነርሱ ሥር ሆነው እንዲለማመዱ ሰጧቸው። ንጉሡ ራሳቸው ወደ ጋፋት እየወረዱ ሥራውን ይመለከቱ ነበር።

መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዟቸው ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ይህን ጥበብ አናውቅም ብለው ለመኑ። በእውነትም አያውቁም ነበር። ንጉሡ ግን ልመናውን አልተቀበሉም። የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ እንደ ገና ሞክረው ተሳካላቸው።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማስረዳት ጥቂት ልጨምር። ነሐስ የሚገኘው መዳብና ቆርቆሮ የተባሉት ሁለት ማዕድናት በእሳት ቀልጠው ሲዋሐዱ ነው። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል፤ መዳብ ግን እስከ 1085 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስለዚህ እሳቱ በወናፍ ያለ ማቋረጥ መነፋት አለበት። የቀለጠው ነሐስ የሚፈስበት የሸክላ ቅርጽ ፈጽሞ መድረቅ ይገባዋል። ጥቂት እርጥበት ቢቀር በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ቅርጹን ይሰነጥቀዋል፤ የቆሙትንም ሰዎች ሊያቃጥል ይችላል። ትልቅ መድፍ ሲሆን ደግሞ ነሐሱ ሁሉ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ በእጁ የሞከረ ሰው ግን ይችለዋል።

መንገዱ

መድፍ በጫንቃ አይሄድም፤ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ ሌላው አገር የሚያደርስ ሠረገላ የሚያስኬድ መንገድ ማሠራት ጀመሩ። በዚህ ሥራ ጊዜ ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች የጻፉት ነገር ያስደንቃል። ንጉሡ በማለዳ ተነሥተው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ፣ ጕድጓድ ይደለድሉ ነበር። መኳንንቱና ወታደሩ ንጉሡ ድንጋይ ሲሸከሙ እያዩ ቆመው መመልከት አልቻሉም፤ እነርሱም ጐንበስ ብለው ያነሡ ጀመር።

የጣና ጀልባዎች

በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ በጣና ሐይቅ አጠገብ በሰፈሩ ጊዜ ስለ እንፋሎት መርከብ ሰምተው ነበርና እንዲህ ያለ ነገር በአገራቸው ለመሥራት ተመኙ። የእንፋሎት ሞተር የለም። ቢሆንም ከደንገል ሰፋፊ ጀልባዎች አሠርተው፣ በግራና በቀኝ በሰው እጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጠሙላቸው። አሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ መንኰራኵሩ ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ጀልባው ወደ ፊት ይሄዳል። ነገር ግን ደንገል ውኃ የሚጠጣ ተክል ስለ ሆነ ጀልባዎቹ ውለው ሳያድሩ እየከበዱ ሄዱ፤ የታሰበላቸውንም አገልግሎት ሳይሰጡ ቀሩ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ነገር እንደ ቀልድ ይተርኩታል። እኔ ግን ባነበብሁት ጊዜ አልሳቅሁም።

ሴባስቶፖል

ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ወዳጅነትን የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። መልስ ሳይመጣ ብዙ ጊዜ በማለፉ ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው ራሳም በኅዳር 1858 ዓ.ም. በዚህችው በመተማችን በኩል አልፎ ወደ ንጉሡ ሄደ፤ በኋላ እርሱም ታሰረ። ንጉሡ ከእንግሊዝ የጠየቁት የእጅ ባለሙያዎችንና የሥራ መሣሪያዎችን ነበር። ባለሙያዎቹ መኪናዎቻቸውን ይዘው በ1859 ዓ.ም. እስከ ምጽዋ ደረሱ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ንጉሡ ሳይደርሱ ተመለሱ። ሰዎቹን በመያዣነት ከማሰር ይልቅ በወዳጅነት መለመን ቢቻል ኖሮ ያ መኪና ጋፋት በደረሰ ነበር ብዬ አዝናለሁ።

በዚያው በ1859 ዓ.ም. ጋፋት ከሁሉ የሚበልጠውን መድፍ ሠራች። ንጉሡ ሩሲያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር በተዋጋችባት ከተማ ስም ሴባስቶፖል ብለው ጠሩት። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ከመንግሥታቸው ብዙው ክፍል ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ደብረ ታቦርን አቃጥለው በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ።

በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሴባስቶፖልን በጠፍር እየሳቡ፣ ከፊታቸው መንገዱ እየተጠረገ፣ በጅዳና በበሽሎ ገደሎች ወርደው ወጡ። መንገዱ አለት እየተፈለጠ የተሠራ ነበርና እርሳቸውን ለመውጋት የመጣው የእንግሊዝ ጦር ራሱ ተጠቀመበት፤ አሠራሩንም አደነቀ። ከአምስት ወር በላይ ከፈጀው ድካም በኋላ መድፉ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ።

መቅደላ

በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር በአሮጌ ሜዳ ተጋጠመ። እንግሊዞቹ ከኋላ የሚጐርስ፣ በፍጥነት የሚተኰስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። የንጉሡ መድፎች ከተራራው ላይ ቢተኰሱም እምብዛም ጉዳት አላደረሱም። የንጉሡ ታማኝ አሽከር የነበሩት ፊታውራሪ ገብርዬም በዚህ ቀን ወደቁ። ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ። በሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞቹ ወደ ምሽጉ ሲገቡ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ሰዉ።

ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ሞቱበት። እርሱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በሰው አገር ተማረ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተና በዊንድዞር ተቀበረ። እኔም ዘንድሮ 18 ዓመቴ ነው። ድንጋይ የሚያነሡና መድፍ የሚያስቀልጡ አባት ልጅ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ ሳይለማመድ ቀረ፤ ይህ ከጦርነቱ ጉዳት ሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል።

ለእኛ የተረፈው

ታሪክ ጸሐፊ እውነቱን መሸሸግ የለበትም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሥራን አከበሩ፤ ሠራተኛውን ግን አስገደዱ። ቸኰሉ፤ ቍጣቸውም ብዙ ሰው አጠፋ። የጋፋት ጥበብም ከማረሻና ከድልድይ ይልቅ ለመድፍ ስለ ዋለ ከጦርነቱ ጋር ጠፋ። በፍርሃት የተማረ ሰው አስገዳጁ ሲሄድ ሙያውን ይጥለዋል። ከጋፋት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ዋልድማየር ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ቈይቶም ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። መድፍ እንዲያቀልጥ የተገደደው እጅ በነፃነት ሲሠራ ያፈራው ይህን ነው።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ንጉሡ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ይህን እንዴት እንደማውቅ አሁን ልንገራችሁ።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ እየሠሩ አሳድገውኛል፤ ደብተሬም የተገዛው በማጭድ ዋጋ ነው። ከዚህ ከመምጣቴ በፊት በተማርሁበት ስፍራ አንዳንድ ልጆች ከእኔ ጋር ምሳ አይበሉም ነበር። ስለዚህ የአባቴን ሥራ ሲጠይቁኝ ነጋዴ ናቸው እያልሁ መዋሸት ለመድሁ። ባለፈው ዓመት የሳይንስ መምህራችን እያንዳንዱ ተማሪ ከወላጁ ጋር ሆኖ አንድ የሚሠራ ነገር ሠርቶ እንዲያመጣ፣ ወላጁም በወላጆች ቀን መጥቶ እንዲያስረዳ አዘዙን። ትእዛዙን አንድ ሳምንት ሙሉ ከአባቴ ሸሸግሁት።

በዚያው ሳምንት ለታሪክ ትምህርት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አነብ ነበር፤ ከጣናው ጀልባም ደረስሁ። ማታ ለአባቴ አነበብሁላቸው። አባቴ ፊደል አልቈጠሩም። ከሰሙ በኋላ ጀልባው ከምን እንደ ተሠራ ጠየቁኝና፣ ደንገል ውኃ እንደሚጠጣ፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ቀርከሃ ግን በየአንጓው የተዘጋ ስለ ሆነ አየሩን ይዞ እንደሚንሳፈፍ ነገሩኝ። እኔ በክፍል ውስጥ ስለ ተንሳፋፊ ነገሮች ሕግ ተምሬ በፈተና መልሼ ነበር፤ ይህን ግን አላሰብሁትም። አፍሬ የመምህራችንን ትእዛዝ ነገርኋቸው።

እንዲህ አድርገን ሠራን፤ እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ክንድ የሚያህሉ አራት ቁራጭ ቀርከሃዎች በሁለቱም ጫፍ አንጓቸው ሳይከፈት ተቈርጠው ጐን ለጐን በሽቦ ይታሰራሉ። ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት ከሌሎቹ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ እንዲወጡ ይደረጋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቈረጠ ቀጭን ላስቲክ ይወጠራል። ከዘይት ጣሳ የተቈረጡ ሁለት ቆርቆሮዎች በመስቀል ተጋጥመው አራት ክንፍ ያለው መንኰራኵር ይሆናሉ፤ በላስቲኩ መካከልም ይገባሉ። ቆርቆሮ እጅ ስለሚቈርጥ መቍረጡና ጠርዙን ማጠፉ የወላጅ ሥራ ነው። መንኰራኵሩ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ በውኃ ላይ ሲለቀቅ፣ በላስቲኩ ውስጥ የተከማቸው ኃይል ይፈታና ጀልባውን ይነዳዋል።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። መንኰራኵሩ ውኃውን ረጨው እንጂ ጀልባው ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እኔ ተስፋ ቈርጬ ነበር። አባቴ ግን ጐንበስ ብለው ካዩ በኋላ መንኰራኵሩን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረጉት። ያን ጊዜ ምክንያቱ ገባኝ፤ መንኰራኵሩ በሙሉ ከሰጠመ የታችኞቹ ክንፎች ወደ ኋላ የገፉትን ውኃ የላይኞቹ ወደ ፊት ይመልሱታል። የታችኞቹ ብቻ ሲነክሩ ግን ጀልባው ይሄዳል። በርሜሉንም ከዳር እስከ ዳር ተሻገረ። አባቴ ዘዴውን ከእጃቸው አወጡ፤ እኔ ምክንያቱን ከመጽሐፌ አወጣሁ፤ ሁለታችንም ብቻችንን ብንሆን አንጨርሰውም ነበር።

በወላጆች ቀን አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና በበርሜሉ አጠገብ ቆሙ። ትንንሾቹ ተማሪዎች ከበቧቸው፤ እንደ ገና እንዲያስኬዱላቸውም ለመኗቸው። መምህራችን ወንበር አመጡላቸው፤ አባቴ ግን እስከ ማታ አልተቀመጡም። ከዚያን ቀን ወዲህ የአባቴን ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ እውነቱን እናገራለሁ።

እንግዲህ ክቡራን ወላጆች ሆይ፣ ሸክላ የሚሠሩ እናት ጭቃ ሲደርቅ ለምን እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ፤ ሰሊጥ የሚያመርቱ አባት ነዶው እንዴት ቢቆም ነፋስ እንደሚያደርቀው ያውቃሉ፤ ጎጆ የሚሠሩም የትኛው እንጨት ክብደት እንደሚችል ያውቃሉ። ይህን እውቀት በቤት ትታችሁ ልጃችሁን ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት አትላኩት። ክቡራን መምህራን ሆይ፣ በዓመት አንድ ቀን የነበረውን በየወሩ አድርጉልን። ጓደኞቼ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ከዚያም አብራችሁ ሥሩት።

ዐፄ ቴዎድሮስ ድንጋይ ማንሣትን ከንጉሥ ጀምረው ለሕዝብ ሊያስተምሩ ሞከሩ። እኛ ከቤታችን እንጀምረው። ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያኑርልን።